በሩ የተዘጋባቸው ቡጢኞች

(በሬድዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ስለ ሙሐመድ ዐሊ ያቀረብነውን ዝግጅት ተከትሎ ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ ለብዙ ቀናት ከአእምሯችን ሳይወጣ ቆየ። ጥያቄው አጭር ነው። «ዐሊን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የእርሱን ያህል ችሎታ ኖሮት ዓለም ሳያውቀው የሞተ ቡጢኛ ነበር ወይ?» የሚል ነው።

አዎን፣ ነበር። አንድ ብቻም አይደለም። ታሪካቸውን በተከታተልን ቁጥር ያስገረመን ነገር ቢኖር እነዚህ ሰዎች ተረስተው የቀሩት ችሎታቸው ስላልታየ አለመሆኑ ነው። በደንብ ታይቷል። ሻምፒዮኖቹ አይተውታል፤ የሻምፒዮኖቹ ማናጀሮችም አይተውታል። በሩ የተዘጋባቸውም ስላዩት ነው። ዛሬ የጥቂቶቹን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

«እናንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ቡጢ የምታወሩት?» የሚሉን ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ፊትን መምታት በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን አልዘነጋንም፤ ልጆቻችሁን ቡጢ አስተምሩ ለማለትም አልተነሳንም። የያዝነው ጉዳይ ታሪክ ነው፤ ሰዎች በሰዎች ላይ የሠሩትን መናገር ነው።

በመጀመሪያ ይህ ስፖርት ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ መረዳት ያስፈልጋል። የሀገራችን ሯጭ ኦሎምፒክ ሲወዳደር ያለፈውን አሸናፊ «እባክህ ከእኔ ጋር ሩጥ» ብሎ አይለምነውም። ከመነሻው መስመር ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይፈርዳል። በቡጢ ዓለም ግን፣ በተለይ በዚያ ዘመን፣ ሻምፒዮን ለመሆን ሻምፒዮኑን ማሸነፍ የግድ ነው፤ ሻምፒዮኑን ለማሸነፍ ደግሞ በቅድሚያ ሻምፒዮኑ ራሱ «እሺ» ማለት አለበት። እሺ ካላለስ? እሺ ካላለ ቁልፉ በኪሱ ነው። ተጋጣሚው ደጅ እየጠና ያረጃል።

ጆን ሳሊቫን የተባለው አሜሪካዊ በ1880ዎቹ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ከጥቁር ጋር አልጋጠምም ብሎ በግልጽ ተናገረ። በዚያን ጊዜ ከካሪቢያን ደሴቶች ተነሥቶ በአውስትራሊያ ስመ ጥር የሆነ ፒተር ጃክሰን የሚባል ጥቁር ቡጢኛ ነበር። ጃክሰን በግንቦት 1891 በሳን ፍራንሲስኮ ከጄምስ ኮርቤት ጋር 61 ዙር ተፋልሞ ሁለቱም መቆም ሲያቅታቸው ያለ ውጤት ተለያዩ። በዓመቱ ኮርቤት ከሳሊቫን ጋር ተጋጥሞ አሸነፈና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጃክሰን ግን ያ ዕድል ሳይሰጠው በ1901 በሳንባ ነቀርሳ አውስትራሊያ ውስጥ ሞተ። 61 ዙር አብረው ከቆሙት ሁለት ሰዎች አንዱን ታሪክ ሻምፒዮን ሲለው ሌላውን የሚያውቁት የቡጢን ታሪክ የሚያጠኑ ብቻ ናቸው።

ይህ የቀለም አጥር «የቀለም መስመር» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ነጭ ሻምፒዮኖች «የቀለም መስመር አስምሬያለሁ» ሲሉ ነውር አልነበረውም፤ ጋዜጦችም እንደ ተራ ወሬ ያትሙት ነበር። ጥቁሮቹ ምን አደረጉ? ለራሳቸው «የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮና» የሚባል ነገር አቋቁመው እርስ በርስ ይፋለሙ ጀመር። ከእነዚህ መካከል ዋናው የዛሬ ባለ ታሪካችን ሳም ላንግፎርድ ነው።

ላንግፎርድ የተወለደው በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት፣ ዌይማውዝ ፎልስ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። የልደት ዓመቱን አንዳንዶች 1883 ሌሎች ደግሞ 1886 ይሉታል። የአባቱን ዱላ ሸሽቶ ገና በልጅነቱ ከቤት ወጣና የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ደረሰ። እዚያም ጆ ውድማን የተባለ ሰው በሚያስተዳድረው የቡጢ ማሠልጠኛ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘ። ወለል እየጠረገ ሌሎቹ ሲለማመዱ ያያል፤ ልምምድ የሚያጋጥማቸው ሰው ሲጠፋ ጓንት አጥልቆ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ውድማን መጥረጊያውን አስጥሎ ማናጀሩ ሆነ።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። ትከሻው ግን ሰፊ፣ እጁም ከቁመቱ ጋር ሲተያይ ረጅም ነበር። በታኅሣሥ 1903፣ ገና ልጅ እግር ሳለ፣ የቀላል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውንና እንደ እርሱ ጥቁር የሆነውን ታላቁን ጆ ጋንስን በቦስተን ከተማ በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈው። ነገር ግን ላንግፎርድ የክብደቱን ልክ አልፎ ስለነበር የሻምፒዮንነት ክብሩ ለውድድር አልቀረበም። በመስከረም 1904 ደግሞ ከወልተር ሚዛን ሻምፒዮኑ ከባርባዶሱ ጆ ዎልኮት ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ አቻ ወጣ። በውድድሩ ቦታ ከነበሩት ብዙዎቹ ላንግፎርድ ይበልጥ ነበር ብለዋል፤ አቻ ማለት ግን ሻምፒዮኑ ክብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ላንግፎርድ እስከ ሽምግልናው ድረስ ለዓለም ሻምፒዮንነት አልተጋጠመም። ከሃያ ዓመት በላይ በቀለበቱ ውስጥ ሲቆይ አንድም ጊዜ!

በቁመቱ ልክ የሚገጥመው ሲጠፋ ከበላዮቹ ጋር ይገጥም ጀመር። በሚያዝያ 1906 ጃክ ጆንሰንን ገጠመ። ጆንሰን በዚያን ጊዜ የጥቁሮች ሻምፒዮን ሲሆን ከላንግፎርድ በክብደት ከ10 ኪሎ በላይ፣ በቁመትም በግልጽ ይበልጠዋል። 15ቱንም ዙር ተፋልመው ጆንሰን አሸነፈ። እዚህ ላይ ስለ እውነት አንድ ነገር መናገር ይገባናል። የላንግፎርድ ማናጀር «ሰውዬዬ ጆንሰንን ጥሎት ነበር» እያለ ለዓመታት ሲያወራ ቆይቷል፤ ብዙ መጽሔቶችም ተቀብለው ጽፈውታል። እውነቱ ግን የወደቀው ላንግፎርድ ራሱ ነበር፤ ጆንሰንም ያሸነፈው በግልጽ ብልጫ ነው። የተበደለን ሰው ታሪክ ስንናገር ውሸት መጨመር አያስፈልገንም፤ የሆነው ራሱ ይበቃል።

የሆነውስ ምንድን ነው? ጃክ ጆንሰን ራሱ በሩ የተዘጋበት ሰው ነበር። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ጂም ጄፍሪስ ከጥቁር ጋር ከመጋጠም ይልቅ ሥራውን ተወ። ጆንሰን ከጄፍሪስ በኋላ የመጣውን ቶሚ በርንስን ከአሜሪካ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ድረስ ተከታትሎ በ1908 ታኅሣሥ 26 ቀን ሲድኒ ላይ ገጠመውና አሸነፈ። በታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ቀን በአሜሪካም ሆነ በሌላው ዓለም ያሉ ጥቁሮች ደስታ ወሰን አልነበረውም። ላንግፎርድም፣ ጆ ጄኔትም፣ ሳም ማክቬይም «እንግዲህ አጥሩ ፈረሰ» ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

አጥሩ ግን ለእነርሱ አልፈረሰም። ጆንሰን ወደ አውስትራሊያ ከመሄዱ በፊት ለንደን ውስጥ ከሚገኘው የብሔራዊ ስፖርት ክበብ ጋር፣ በርንስን ካሸነፈ ከላንግፎርድ ጋር ሊጋጠም ተስማምቶ ነበር። ካሸነፈ በኋላ የቀረበው ገንዘብ አነሰኝ ብሎ ቀረ። ላንግፎርድ ግን በግንቦት 1909 ለንደን ድረስ ሄዶ የእንግሊዙን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ኢያን ሄግን በአራተኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ጆንሰን እስከ 1915 ሻምፒዮን ሆኖ ሲቆይ ከላንግፎርድ፣ ከጄኔትና ከማክቬይ ጋር፣ ቀደም ሲል እየደጋገመ ከገጠማቸው ከእነዚህ ሰዎች ጋር፣ ክብሩን ይዞ አንድም ቀን አልተጋጠመም። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሁለት ጥቁሮች ቢጋጠሙ ተመልካች ገንዘብ አይከፍልም ይል ነበር። በ1913 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ባትሊንግ ጂም ጆንሰን ከሚባል ሌላ ጥቁር ጋር ተጋጥሞ አቻ ወጥቷል፤ ያ ሰው ግን ከሦስቱ ጋር የሚስተካከል አልነበረም።

በጆንሰን ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኛም ጉዳዩን ስናነብ መጀመሪያ የተሰማን ንዴት ነበር። የነጮቹ ነገር የታወቀ ነው፤ ይህ ግን ከዚያው ደጅ ቆሞ የለመነ ሰው ነው። ሆኖም በእርሱ ላይ የነበረውንም እናስታውስ። በ1910 ሐምሌ 4 ቀን ጄፍሪስን ከተቀመጠበት አስነሥተው ቢያጋጥሙት፣ ጆንሰን በሬኖ ከተማ አሸንፎት በዚያው ምሽት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በ1912 የአሜሪካ ምክር ቤት የቡጢ ፊልም ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይዘዋወር የሚያግድ ሕግ አወጣ። ጆንሰን በገዛ ሀገሩ ተከስሶ ተፈርዶበት በ1913 ተሰደደ። አንድ ሽንፈት ሁሉን ነገር ሊያሳጣው እንደሚችል ያውቃል፤ ሊያሸንፈው የሚችለው ማን እንደሆነም ያውቃል። ይህ ድርጊቱን ያስረዳል፤ ትክክል ነበር አያሰኘውም።

እነዚያ ሦስቱ እንግዲህ ምን ያድርጉ? የሚገጥማቸው ሲጠፋ እርስ በርሳቸው ተደባደቡ። ላንግፎርድ ከጄኔት ጋርም ከማክቬይ ጋርም ከ10 ጊዜ በላይ፣ በኋላ ከመጣው ከሃሪ ዊልስ ጋር ደግሞ ከ15 ጊዜ በላይ ተጋጥሟል። በጣም የሚታወሰው ግን ጄኔትና ማክቬይ በሚያዝያ 1909 በፓሪስ ያደረጉት ነው። ውድድሩ አንዱ እስኪሸነፍ ድረስ የሚቀጥል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጄኔት እየወደቀ እየተነሣ ቆየ፤ ከ20 ጊዜ በላይ እንደወደቀ ይነገራል። ቀስ በቀስ ግን ማክቬይ ደከመና ተራው የእርሱ ሆነ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከተፋለሙ በኋላ፣ 49ኛው ዙር ሲያልቅ፣ ማክቬይ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አላይ ስላለው ከወንበሩ መነሣት አቃተው። ሁለት ጥቁሮች፣ በሰው ሀገር፣ ማንም ለማይሰጣቸው ክብር!

አንድ ሰው ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ከ15 ጊዜ በላይ ሲጋጠም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም። አንዱ የሌላውን ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደከመበትን ጎን ያውቃል። ሰውነታቸው ግን ያልቃል። ሻምፒዮኖቹ በዓመት አንዴ ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ወፍራም ገንዘብ ወስደው ሲጋጠሙ እነዚህ በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት ዶላር ይጎዳዱ ነበር። ላንግፎርድ በ1917 ከፍሬድ ፉልተን ጋር ሲጋጠም አንዱ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዓይኑ አላየበትም። ሌላውም እየደከመ ሄደ። እርሱ ግን ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ ቀጠለ። በ1922 ዓይኖቹ ጥላ ብቻ በሚለዩበት ጊዜ ታይገር ፍላወርስ የሚባለውን ወጣት አትላንታ ላይ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ይህ ፍላወርስ በ1926 የመካከለኛ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ነው። በዚያ ክብደት የመጀመሪያው ጥቁር ሻምፒዮን መሆኑ ነው።

ከላንግፎርድ ቀጥሎ የምናነሣው ሃሪ ዊልስ ነው። ዊልስ በኒው ኦርሊንስ ወደብ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ያደገ ግዙፍ ሰው ነበር። ስለዚህ ሰው ስናነብ ፈገግ ያሰኘን አንድ ነገር አለ፤ በየዓመቱ ለአንድ ወር ያህል ምግብ ሳይቀምስ ውሃ ብቻ እየጠጣ ይጾም ነበር ይባላል። ይህን የሚያደርገው ለጤናው ነው፤ እኛን ከመሰለ ጿሚ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በዚያ ዘመን የነበሩ የስፖርት ጸሐፊዎች ግን እንደ ትልቅ ተአምር ያወሩት ነበር።

ጃክ ዴምፕሲ በ1919 ሐምሌ 4 ቀን ጄስ ዊላርድን ደብድቦ ሻምፒዮን እንደሆነ በማግስቱ ከጥቁር ተጋጣሚ ጋር እንደማይጋጠም አስታወቀ። ዊልስ ግን የሚታለፍ ሰው አልነበረም። ያልገጠመው ጥቁር፣ የሚፈራው ነጭ አልቀረም፤ የኒው ዮርክ የስፖርት ኮሚሽንም ተገቢው ተጋጣሚ እርሱ ነው ብሎ ቆረጠ። ጋዜጦች ጻፉ፤ ሕዝቡ ጠየቀ። ታላቁ የውድድር አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ ግን የሬኖውን ውድድር ያዘጋጀ፣ ከዚያ በኋላ የደረሰውን ያየ ሰው ነበርና ጥቁርና ነጭ ለከባድ ሚዛን ክብር እንዲጋጠሙ አልፈለገም። ለውድድር ይሰጥ የነበረው ፈቃድ በፖለቲከኞች እጅ መሆኑም ነገሩን አከበደው።

በ1925 ሌላ አዘጋጅ ተነሣና ሁለቱንም አስፈረመ። ለዊልስ 50,000 ዶላር በቅድሚያ ተከፈለው። ለዴምፕሲ የተሰጠው ቼክ ግን ባንክ ሲሄድ ገንዘብ የለውም ተባለ። ዴምፕሲ ውሉ ፈርሷል ብሎ ሄደ፤ ዊልስም 50,000ውን ይዞ ቀረ። ብዙ ሰው «እንኳን ሳይጋጠም ገንዘብ አገኘ» ሊል ይችላል። ዊልስ ግን የሚፈልገው ሌላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኒው ዮርክ ኮሚሽን ዴምፕሲ ከዊልስ ጋር ካልተጋጠመ ፈቃድ አንሰጥም ሲል ሪካርድ ውድድሩን ወደ ፊላደልፊያ ወሰደው። በመስከረም 23 ቀን 1926 ዴምፕሲ ከነጩ ጂን ተኒ ጋር ተጋጠመና ተሸነፈ። ክብሩን ለውድድር ሳያቀርብ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነበር። ዊልስ በዚያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነው። ሳምንታት ሳይቆዩ ከጃክ ሻርኪ ጋር ተጋጥሞ ሕግ ጥሰሃል ተብሎ ተሸነፈ፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። ደግነቱ ገንዘቡን አላጠፋውም። ሃርለም ውስጥ ቤት እየገዛ እያከራየ ኑሮውን መርቶ በ1958 ሞተ። በዛሬው ዝግጅታችን ከምናነሣቸው ሰዎች ያልተቸገረው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ዴምፕሲ ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አንልም። ዴምፕሲ በኋላ ሲናገር ለመጋጠም ፈቃደኛ ነበርኩ ብሏል፤ ሊሆንም ይችላል። ግን እዩት፤ ማንም ሳይፈራ፣ ማንም በግልጽ «እምቢ» ሳይል፣ አንዱ ፈቃድ ሲከለክል፣ ሌላው ቦታ ሲቀይር፣ ሌላው ባዶ ቼክ ሲሰጥ ሰባት ዓመት አለፈ። የሰው ጉልበት ደግሞ ሰባት ዓመት አይጠብቅም።

ጆንሰን በሚያዝያ 1915 በሐቫና ከተሸነፈ በኋላ ሌላ ጥቁር ለከባድ ሚዛን ክብር እስኪጋጠም 22 ዓመት አልፏል። እርሱም ጆ ሉዊስ ነው። ሉዊስን የሀገራችን ሰው በሌላ ምክንያትም ሊያስታውሰው ይገባል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ጦሩን በሚያከማችበት በሰኔ 1935፣ ሉዊስ ኒው ዮርክ ውስጥ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲያሸንፈው የአሜሪካ ጥቁሮች ኢትዮጵያ ያሸነፈች ያህል ቆጥረው ጨፈሩ። የሉዊስ ማናጀሮች ከጆንሰን ታሪክ ተምረው ነበር፤ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ፣ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ እንዳይስቅ አስጠንቅቀውታል። በ1937 ሻምፒዮን ሆነ፤ ክብሩንም 25 ጊዜ ተከላከለ። የከባድ ሚዛኑ በር በዚህ ተከፈተ።

ታዲያ ከሉዊስ በኋላ ነገሩ አበቃ? ለከባድ ሚዛኖች አዎን፤ ከእነርሱ በታች ላሉት ግን አላበቃም። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በወልተርና በመካከለኛ ሚዛን የሚጋጠሙ፣ ጸሐፊዎች በኋላ «የነፍሰ ገዳዮች ረድፍ» የሚል ቅጽል የሰጧቸው ጥቁር ቡጢኞች ነበሩ። ስያሜው ያስፈራል እንጂ ማንንም አልገደሉም። ሆልማን ዊልያምስ፣ ኮኮዋ ኪድ፣ ሎይድ ማርሻል፣ ኤዲ ቡከር፣ ጃክ ቼዝ... ዊልያምስና ኮኮዋ ኪድ ብቻቸውን 13 ጊዜ ተጋጥመዋል። የላንግፎርድ ታሪክ እንደገና!

ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው የፒትስበርጉ ቻርሊ በርሊ ነው። አባቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ጥቁር፣ እናቱ ከአየርላንድ የመጣች ነጭ ነበረች። በ1936 ወጣት ሳለ ለበርሊን ኦሎምፒክ የማጣሪያ ውድድር ቢጋበዝ ሂትለር ሀገር አልሄድም ብሎ ቀረ፤ በምትኩ ናዚዎችን በመቃወም ባርሴሎና ውስጥ ወደተዘጋጀው ውድድር ተጓዘ። እርሱ እንደደረሰ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ውድድሩ ተሰረዘ። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ፍሪትዚ ዚቪችን ከሦስት ውድድር ሁለቱን አሸንፎታል። ዚቪች በ1940 ክብሩን ሲያገኝ ግን ለበርሊ አራተኛ ዕድል አልሰጠውም። የሚገጥመው ሲያጣ እርሱ 70 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሆኖ በ1942 ወደ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገጥሞ አሸነፈ። በሚያዝያ 1944 ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ አርቺ ሙርን ደጋግሞ ጥሎ በነጥብ ረታው። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ከበርሊ ጋር አንድም ቀን አልተጋጠመም። ሸሽቶት ነው ወይስ ገንዘቡ አልበቃውም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ለበርሊ ዕድል ማጣት ጦርነቱም አስተዋጽኦ ነበረው። የወልተር ሚዛኑ ሻምፒዮን ሬድ ኮክሬንም የመካከለኛ ሚዛኑ ቶኒ ዜልም የባሕር ኃይል ገብተው ክብራቸው ለዓመታት ሳይነካ ቆየ። ሮቢንሰን ራሱ እስከ 1946 ታኅሣሥ ድረስ ጠብቋል። ሌላው ምክንያት ወንበዴዎቹ ናቸው። ፍራንኪ ካርቦ የሚባል የወንበዴ አለቃ ከጀርባ ሆኖ ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚወስንበት ዘመን ነበር። ነጩ ጄክ ላሞታ፣ ከእነዚያ ጥቁሮች ጋር ሳይሸሽ ከተጋጠሙት ጥቂት ነጮች አንዱ፣ በ1947 ሆን ብሎ እንደተሸነፈና ይህንንም ያደረገው ለሻምፒዮንነት መጋጠሚያ እንዲሰጠው እንደሆነ በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ አመነ። ለነጩ ዋጋው ይህ ከሆነ ለጥቁሩ ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በርሊ 98 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ሳይዘረር፣ አንድም ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሳይጋጠም ሥራውን ተወ። ከዚያ በኋላ ለፒትስበርግ ከተማ ቆሻሻ በመሰብሰብ ቤተሰቡን አስተዳደረ። በ1992 ሞተ። በዚያው ዓመት ስሙ በዓለም አቀፉ የቡጢ የክብር መዝገብ ገባ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች በሩን ገፍቶ የገባ አርቺ ሙር ነው። ሙር በ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓለም ሻምፒዮንነት የተጋጠመው በ1952 ታኅሣሥ ነው! ለዓመታት ለስፖርት ጸሐፊዎች ሳይሰለች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻም የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ጆይ ማክሲም እሺ ሲል፣ ለማክሲም 100,000 ዶላር ዋስትና ተሰጠውና ለሙር የደረሰው 800 ዶላር ገደማ ሆነ። ሙር አላቅማማም። 15 ዙር ቀጥቅጦት ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቶ ነበር። ከበርሊ ጋር የገጠመው ሰው ነውና ስለ ምርጥ ቡጢኛ ሲጠየቅ የበርሊን ስም ከሁሉ ያስቀድም ነበር።

ጠያቂያችን ያነሡት ሙሐመድ ዐሊ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚገናኘው በዚሁ በሙር በኩል ነው። ዐሊ፣ በዚያን ጊዜ ካሲየስ ክሌይ፣ በ1960 ከሮም ኦሎምፒክ ሲመለስ ለጥቂት ጊዜ ካሊፎርኒያ ሙር ዘንድ ሠልጥኗል። ሙር ሠልጣኞቹን ሁሉ ወለል ያስጠርግ፣ ዕቃ ያሳጥብ ነበርና ወጣቱ ይህን አልወደደም፤ ጥሎ ሄደ። በ1962 ኅዳር ሁለቱ ሎስ አንጀለስ ላይ ሲጋጠሙ ክሌይ 20 ዓመቱ ነበር፤ ሙር ግን በዕድሜ እጅግ ይበልጠው ነበር፤ ክሌይ በአራተኛው ዙር አሸነፈ። የመጨረሻው ዕድለኛ ሽማግሌ ለመጀመሪያው የቴሌቪዥን ዘመን ወጣት በሩን አስረከበ ብንል ያስኬዳል።

ወደ ላንግፎርድ ተመልሰን እንጨርስ። በ1926 ዓይነ ስውር ሆኖ ሥራውን ተወ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። በጥር 1944 አል ላኒ የሚባል የኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቡን ጋዜጠኛ ስለ እርሱ ለመጻፍ ፈልጎ ሃርለም ውስጥ ሲያጠያይቅ ብዙዎች «ሳም? እርሱማ ሞቷል» አሉት። ፍለጋውን አልተወም፤ በመጨረሻ በአንድ የኪራይ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። ኪሱ ውስጥ የነበረው ሳንቲም ብቻ ነው። ላኒ ምሬት ሲጠብቅ ላንግፎርድ እየሳቀ ስለ ድሮ ውድድሮቹ ያጫውተው ጀመር። ጽሑፉ በጋዜጣ ሲወጣ ከየአቅጣጫው ገንዘብ ተላከ፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበና በየወሩ የሚከፈለው ሆነ።

በ1955 ዘ ሪንግ የተባለው የቡጢ መጽሔት በክብር መዝገቡ ውስጥ ስሙን አሰፈረ፤ የዓለም ሻምፒዮን ሳይሆን በዚያ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥር 12 ቀን፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ካምብሪጅ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሞተ።